ለትንሿ የእጅ ባትሪ የትኛውን ድንጋይ እንግዛ?

አስኮ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ቀድማ የምትፈለገው የእጅ ባትሪ ናት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ለፈጅር ሶላት ወደ መስጂድ የሚወጡ አባቶች፣ ገና ሳይነጋ ለፈረቃ ሥራ የሚነሱ ሠራተኞች፣ በሳንሱሲም ሆነ በብርጭቆ ፋብሪካ አካባቢ ባሉት የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ክፍት ቦይ ላለመርገጥ በእርሷ ይመራሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ስትደበዝዝ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የባትሪዋ ሳይሆን ውስጧ የገባው ድንጋይ ነው። መብራቷንም ውስጧ የሚገባውንም «ባትሪ» ማለት ስለተለመደ፣ እንዳይምታታ እኛ እዚህ «ድንጋይ» እያልን እንቀጥላለን።

በየሱቁ የሚበዛውና ርካሹ ዚንክ ካርቦን የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ በላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «ሄቪ ዲዩቲ» ተብሎ ይጻፍበታል። ትርጉሙ «ለከባድ ሥራ» ነው፤ እውነቱ ግን በመደርደሪያው ላይ ካሉት ሁሉ ደካማው እርሱ መሆኑ ነው። ከእርሱ የሚሻለው አልካላይን ነው። ጽሑፉ ካደናገራችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል የታተመውን ኮድ ፈልጉ። በግድግዳ ሰዓት መጠን ላለው ድንጋይ (ደብል ኤ) «አር 6»፣ በሪሞት መጠን ላለው (ትሪፕል ኤ) «አር 03» ይላል። ከፊቱ «ኤል» የሚል ፊደል ከተጨመረ አልካላይን ነው፤ «አር» ብቻውን ከቆመ ዚንክ ካርቦን ነው። ባለሱቁ ምንም ቢል ይህንን አይታችሁ ግዙ።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታሰብ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ባትሪ 200 ሚሊአምፒር ትስባለች እንበል። የደብል ኤ አልካላይን ድንጋይ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ ወደ 10 ሰዓት ያበራል። ዚንክ ካርቦን በዚህ ዓይነት አሳሳብ ፈጥኖ ስለሚደክም ሦስት ሰዓት ቢያበራ ነው። ስለዚህ የአልካላይኑ ዋጋ ከዚንክ ካርቦኑ ሦስት እጥፍ እስካላለፈ ድረስ «ውድ» የተባለው ርካሽ ነው። ዚንክ ካርቦንን ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ተዉት፤ እዚያ ጥሩ ይሠራል።

የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በጥርስ መንከስ ብዙዎቻችን ያደግንበት ልማድ ነው። ለጊዜውም ይሠራል፤ ሙቀቱ ውስጥ የቀረውን ኬሚካል ትንሽ ስለሚያነቃቃው ባትሪዋ ለጥቂት ደቂቃ ትበራለች። ነገር ግን የዚንክ ካርቦን ድንጋይ የውጭ ቆርቆሮው ራሱ ዚንኩ ነው፤ ኤሌክትሪክ በሰጠ ቁጥር ይበላል፣ ይሳሳል። ያንን የሳሳ ቆርቆሮ በጥርስ መንከስ ውስጡ ያለውን ኬሚካል አፍ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ድንጋዩ ባትሪዋ ውስጥ ተረስቶ ሲቀር ፈሳሽ አውጥቶ መገናኛውን የሚበላውም በዚሁ ምክንያት ነው። አልካላይንም ቢሆን ከረሱት ይፈሳል። ባትሪዋ ለሳምንታት የማትነካ ከሆነ ድንጋዩን አውጥቶ አጠገቧ ማስቀመጥ ይሻላል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አንድ ላይ መክተትም ጉዳት አለው፤ ደካማውን ብርቱው እየገፋ ያፈሰዋል።

በየቀኑ ባትሪ ለሚጠቀም ቤት የእኛ ምርጫ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ነው፤ ይህ ብዙ ሰው ያስፈራዋል፤ ሆኖም አልካላይን ቮልቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ እየወረደ ሲሄድ ይህኛው እስኪያልቅ ድረስ ብዙም ስለማይወርድ አብዛኛው የኤልኢዲ ባትሪ በደንብ ይሠራበታል። በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቻርጅ ይደረጋል። ድሮ የነበረው ጉድለቱ ሳይጠቀሙበት ቁጭ ብሎ ማለቁ ነበር፤ ሳንዮ በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢኔሉፕ የተባለውን ካወጣ ወዲህ ግን ቻርጁን ለወራት የሚይዝ ዓይነት በሌሎች አምራቾችም ተለምዷል። ሲገዛ ራሱን የቻለ ቻርጀር ይፈልጋል፤ ወጪው መጀመሪያ ላይ ከበድ ይላል። በላዩ ላይ ለደብል ኤ መጠን 3,000 እና ከዚያ በላይ ተብሎ ከተጻፈ ውሸት ነው፤ እውነተኛዎቹ ከ1,900 እስከ 2,700 ባለው መካከል ናቸው።

እንዲህ ያለው ውሸት የሚበዛው ግን በ3.7 ቮልቱ ሊቲየም አዮን ድንጋይ ላይ ነው። ሦስት የሪሞት ድንጋይ ወይም በምትኩ አንድ ወፍራም ድንጋይ የምትቀበል ባትሪ አይታችሁ ይሆናል። ወፍራሙ 18650 ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከመጠኑ ነው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ጥሩ የሚባለው ከ3,500 ሚሊአምፒር ሰዓት እምብዛም አያልፍም። 9,900 የሚል ካገኛችሁ ተዉት። ልባሱ የተቀደደ ወይም ያበጠ ከሆነማ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ እሳት ያስነሳል። ከደብል ኤ ጋር በመልክ የሚመሳሰል 14500 የተባለ ሌላም አለ። ለ1.5 ቮልት ብቻ በተሠራች ባትሪ ውስጥ ከገባ ሊያቃጥላት ይችላል።

በቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠሉት ደቃቅ ባትሪዎች ደግሞ የሚሠሩት የሸሚዝ ቁልፍ በሚመስል ክብ ድንጋይ ነው። ሕፃናት ላሉበት ቤት እነዚህን አንመክርም፤ በተለይ የጀርባ ክዳናቸው በቡሎን ያልታሰረውን። ሕፃን ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረ ከምራቁ ጋር ኤሌክትሪክ ፈጥሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። መጀመሪያ ላይ ምልክቱ ሳል ወይም የምራቅ መዝረብረብ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ምግብም አትስጡት። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር መስጠት ቃጠሎውን ያዘገያል፤ ማር ፍለጋ ግን መንገዱን አያዘግይ። ለአስኮ ነዋሪ ጳውሎስ ሆስፒታል ቅርብ ነው። የዋጠው ድንጋይ ዓይነት እንዲታወቅ ማሸጊያውን ወይም ባትሪዋን ይዛችሁ ሂዱ።