የድሬዳዋ ጸደይ ሙቀት ነው

የአትክልት ቦታ ውበት ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ መስከረም ይሮጣል፤ ወደ አደይ አበባ፣ ወደ እርጥብ መስክ። ይህ የደጋው ሰው ዓመት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ግን የዓመቱ ደማቅ አበባ የሚፈካው ምድሩ በሚግልበት በግንቦትና በሰኔ ነው። ይህን አበባ የሚሰጠው ዛፍ የማዳጋስካር ተወላጅ ቢሆንም በአማርኛ ስሙ «የድሬዳዋ ዛፍ» ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያጠናክረዋል፤ የድሬዳዋ ዛፍ በጸደይ የሚያብብ ዛፍ ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ አትክልት የሚተክል ሰው ዕቅዱን ከመስከረም ሳይሆን ከሙቀቱ ወራት መጀመር አለበት።

የዛፉ ዓመት ራሱ ይህንን ያስተምራል። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ሰይፍ የመሰለ፣ ግማሽ ሜትር የሚደርስ ደረቅ ፍሬውን ብቻ አንጠልጥሎ ይቆያል፤ ነፋስ ሲወዘውዘው ዘሩ ከውስጥ ይንሿሿል። ፀሐይ ለስለስ በምትልበት በታኅሣሥና በጥር ለግቢው ብርሃን ይለቃል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ዣንጥላውን ይዘረጋል። ከአበባው አንዱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከአምስቱ ቅጠሎች አራቱ ቀይ ሆነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመው አምስተኛው በነጭና በቢጫ ተዥጎርጉሮ ያገኘዋል። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረው የከተማዋ ሰፈር ከዚራም ቀጥ ያሉ ጎዳናዎቹን በዛፍ ጥላ ያጀበው በከንቱ አይደለም። በዚህ አየር ጥላ የመንገዱ አካል ነው።

«ውኃ በቸገረበት ከተማ አትክልት ቅንጦት ነው» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ግን የሚከሰው አትክልትን ሳይሆን በየቀኑ ውኃ የሚጠጣውን ለምለም ሣር ነው። ቡጋንቪላን እንውሰድ። ሐምራዊ ሆኖ የሚታየው አበባው ሳይሆን መሐል ያለችውን ትንሽ ነጣ ያለች አበባ የከበበ ቅጠል ነው፤ ውኃ ሲበዛበት አረንጓዴ ቅጠል ያበዛል፣ ሲጠማ ይደምቃል። የድሬዳዋ ዛፍ ለወራት ራቁቱን ይቆማል፣ ሥሩም ንጣፍ ይፈነቅላል የሚሉም አሉ። እውነት ነው። ከግድግዳና ከውኃ ቧንቧ አጠገብ መተከል የለበትም፤ ለቤቱ ደጃፍ ቅጠሉን ይዞ የሚከርመው ኒም ይሻላል።

መትከል ለሚሻ ሰው ወራቱ አመቺ ናቸው። ፍሬው በበጋ ይለቀማል፤ የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ አድሮ በበልግ ይዘራል፣ ችግኙም ለሐምሌ ዝናብ ይደርሳል። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀይ ለማየት ጥቂት ዓመታት መጠበቅ ነው።