ሐይቁ ሞልቶ ጀሪካኑ ለምን ይጎድላል?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ከተማና ከተማዋ ስሟን ያገኘችበትን የሎጎ ሐይቅን ያገኛል። የሐይቁ የገጽ ስፋት ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ጥልቀቱ በአንዳንድ ስፍራ ከ80 ሜትር በላይ ነው። በዚሁ አካባቢ፣ ጃሪንና ቱርክ ካምፕን በመሳሰሉ መጠለያዎች፣ በቅርብ ዓመታት ከቀያቸው የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖች ኖረዋል። በእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ዘወትር ከማለዳ ጀምሮ የሚታየው ምልክት የቢጫ ጀሪካን ሰልፍ ነው። ለመሆኑ ይህን ያህል ውኃ ባለበት አገር ሰልፉ ከየት መጣ?

ሰው ከቀዬው የሚነቀልበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው፤ ጦርነት፣ ጎርፍ፣ ድርቅ፣ ሰደድ እሳት ሊሆን ይችላል። የመጠለያው ስሌት ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ በአደጋ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎድለው ክምችት ሳይሆን ፍሰት መሆኑን ነው።

ክምችትና ፍሰት

ክምችት ማለት ያለን መጠን ነው፤ በሊትር ይለካል። ፍሰት ማለት በአንድ የጊዜ አሃድ የሚደርሰን መጠን ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር ተብሎ ይለካል። አምስት ሺህ ሰዎች የሰፈሩበት አንድ መጠለያ አለ እንበል። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ ዕርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለንጽሕና በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ የቀኑ ፍላጎት 75,000 ሊትር ወይም 75 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ይህን መጠን ለሐይቁ ስፋት ብናካፍለው የውኃው ከፍታ የሚቀንሰው በ3 ማይክሮ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህም የአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ከሃያ እጅ አንዱን ያህል ማለት ነው። ፀሐይና ነፋስ በአንድ ቀን በትነት የሚወስዱት ከዚህ በሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እንግዲህ ክምችቱ በፍጹም ችግር አይደለም። ችግሩ ውኃውን ስቦ፣ አክሞና አጣርቶ ወደ ሰው ማድረሱ ላይ ነው።

የወረፋው ሒሳብ

አንድ ቧንቧ በደቂቃ 7.5 ሊትር ቢያፈስ፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይፈጃል። አንዱ አንሥቶ ሌላው እስኪያስቀምጥ ያለውን ጊዜ ስንጨምር ሦስት ደቂቃ እንበለው። በቀን ለአሥር ሰዓት የሚሠራ ቧንቧ 200 ጀሪካን ማለትም 4,000 ሊትር ይሰጣል። ይህ ለ266 ሰዎች የሚበቃ ነው። መመዘኛው ለአንድ ቧንቧ ከ250 ሰው አይብለጥ የሚለው በዘፈቀደ ሳይሆን ከዚህ ዓይነት ስሌት ተነሥቶ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ለአምስት ሺህ ሰው 20 ቧንቧ ያስፈልጋል ማለት ነው። አሥር ብቻ ቢተከልስ? ፍላጎቱ በሰዓት 375 ጀሪካን ሲሆን የሚሞላው 200 ነው። ሰልፉ በየሰዓቱ በ175 ጀሪካን እየረዘመ ሄዶ፣ ሲመሽ 1,750 ጀሪካን ባዶውን ይመለሳል። ባዶውን የሚመለሰውም በአብዛኛው የደካማው፣ የነፍሰ ጡሯና የአረጋዊው ጀሪካን ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ቅን ለጋሽ ተጨማሪ ሮቶ ቢያመጣ፣ የቧንቧው ቁጥር እስካልጨመረ ድረስ ወረፋው በአንድ ጀሪካን እንኳ አያጥርም።

ቧንቧው ቢበቃ እንኳ ሁሉም በማለዳ ቢሰለፍ ረጅም ወረፋ መፈጠሩ አይቀርም። ለየመንደሩ የተለያየ ሰዓት መመደብ ያለ አንዳች ወጪ መጨናነቁን ይቀንሳል።

እሳትም ይህንኑ ሕግ ያከብራል

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025) በአሜሪካ የሎስ አንጀለስ ከተማ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ ከ150 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። በውቅያኖስ ዳር በሚገኘው የፓሊሴድስ ሰፈር ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያሉ አንዳንድ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧዎች ደረቁ። እያንዳንዳቸው 3.8 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የሚይዙ ሦስት ጋኖች እስከ ማግሥቱ ንጋት ተሟጠጡ። ለአሥራ አምስት ሰዓታት የውኃው ፍላጎት ከተለመደው አራት እጥፍ በመሆኑ፣ የሚገባው ፍሰት ከሚወጣው አነሰ፤ ግፊቱም ወደቀ። በየ10 ሜትር ከፍታ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ስለሚቀንስ በቅድሚያ የተጎዱት ከፍታ ላይ ያሉት ናቸው።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ እሳቱን ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መምጣት ግድ ሆኖ ነበር። በዚያ ገደላማ ስፍራ ዋናው ጥያቄ ውኃ አለ ወይስ የለም ሳይሆን፣ ውኃና ሰው በምን ፍጥነት ይደርሳሉ የሚለው ነበር።

እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር ቀድሞ ያሞቀዋልና። በግምት ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም እንደ አምባሰል ባለ ተራራማ አገር መጠለያን ደረቅ ሣር ከሸፈነው ተዳፋት በላይ መትከል አደገኛ ነው። በመጠለያው ውስጥም ቢሆን በድንኳንና በድንኳን መካከል ቢያንስ ሁለት ሜትር፣ ቢቻል የድንኳኑን ቁመት እጥፍ የሚያህል ርቀት ሊኖር ይገባል። በየ300 ሜትሩም 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ መተው ይመከራል። ይህ ባዶ ቦታ ቢጠብም ግድ የለም ተብሎ ድንኳን ሊተከልበት የሚገባ ትርፍ መሬት አይደለም።

የመማሪያ ክፍል ስንት ሰው ያስተኛል?

በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መባቻ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች ደሴ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ያስፈልጋል። ሰባት በስምንት ሜትር የሆነ ክፍል 56 ካሬ ሜትር ስለሆነ የሚያስተኛው 16 ሰው ብቻ ነው። ስልሳ ተማሪ የሚቀመጥበት ክፍል ስልሳ ሰው ያስተኛል ብሎ መገመት ትልቅ ስሕተት ነው። በወሎ ደጋ ሌሊቱ ሲበርድ መስኮት ይዘጋል፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥም የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ይተርፋል፣ በሽታም ይዛመታል። ተማሪዎችም ክፍላቸውን ያጣሉ፤ ትምህርት ቤት ለጥቂት ቀናት እንጂ ለወራት መጠለያ ሊሆን የማይገባው ለዚህ ነው።

ለተማሪዎች የቤት ሥራ

አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይዛችሁ የትምህርት ቤታችሁ ቧንቧ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላው ለኩ። የክፍሎቹን ስፋት ለኩ፤ የመጸዳጃ ቤቶቹንም ቁጥር መዝግቡ፤ ለአንድ መጸዳጃ ከ20 ሰው በላይ አይመከርም። ከዚያም ትምህርት ቤቱ በአደጋ ጊዜ ስንት ሰው ሊቀበል እንደሚችል አስሉ። ከሦስቱ ውጤቶች ትንሹ ትክክለኛው መልስ ነው። መልሱን ለርእሰ መምህሩና ለቀበሌው ብትሰጡ፣ ስሌቱ ከደብተር ወጥቶ ሥራ ላይ ይውላል። ሰልፉ ከተፈጠረ በኋላ የሚሠራ ሒሳብ ግን የዘገየ ሒሳብ ነው።