ከዩኒቨርሲቲው የሚጣለው፦ ከበረት ፍግ እስከ 30 አጎሮት ጠርሙስ

በሬሖቮት ከተማ በሄርጽል ጎዳና ላይ ሁለት ትልልቅ የትምህርትና የምርምር ግቢዎች በመንገድ ተለያይተው ይገኛሉ። አንደኛው የቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ነው፤ ሁለተኛው የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ነው። ከተቋሙ አጠገብ ደግሞ የሳይንስ ኩባንያዎች የሰፈሩበት ቂርያት ቫይዝማን አለ። ከማኅበረሰባችን ወላጆች አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉትን ሕንፃዎች የሚያውቋቸው በጽዳት ሥራ ነው፤ ልጆቻቸው ደግሞ በተማሪነት ይገቡባቸዋል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ስለ ዩኒቨርሲቲ ቆሻሻ መጻፋችን አይግረማችሁ። ጉዳዩ የኪስም የጤናም የሥራ መብትም ነው።

በመጀመሪያ ብዛቱን እንመልከት። የቤት ቆሻሻን ሁላችንም እናውቀዋለን። የላቦራቶሪ ቆሻሻ ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በእነሱ ክፍል የሚሠሩ 280 ያህል ሳይንቲስቶች በ2014 ዓመት ብቻ 267 ቶን ያህል ፕላስቲክ እንደጣሉ ገልጸዋል። ለአንድ ሰው ሲካፈል ወደ 950 ኪሎ ይደርሳል ማለት ነው! በዓለም ዙሪያ ያሉ ላቦራቶሪዎች ደግሞ በዓመት 5.5 ሚሊዮን ቶን ያህል ይጥላሉ ብለው ገምተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ናሙና የነካ ዕቃ ሌላውን እንዳይበክል ሁሉም ነገር አንዴ ተነክቶ ይጣላል።

ይህን ለመቀነስ የሚደረገው ነገር ለእናቶቻችን አዲስ አይመስልም። ፕላስቲኩን ትቶ ብርጭቆ መጠቀም፣ አጥቦ በ121 ዲግሪ እንፋሎት መቀቀልና መልሶ መጠቀም፤ ኬሚካል በየክፍሉ ለየብቻ ከመግዛት በጋራ ገዝቶ ጊዜው ሳያልፍ መጨረስ፤ አንዱ ላቦራቶሪ የማይፈልገውን ማሽን ለሌላው መስጠት። ሙያተኞቹ ይህን "ከምንጩ መከላከል" ይሉታል። መልሶ ከማምረት ይልቅ አለመጣል ይቀድማል ማለታቸው ነው።

እኛ ግን ከሁሉ የሚደንቀን ከመንገዱ ማዶ በግብርና ፋኩልቲው የተሠራው ነው። ይህ ፋኩልቲ የተመሠረተው በ1942 ነው። በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ዮና ሔንና ፕሮፌሰር ይፅሐቅ ሀዳር ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ተራ ነገር ማጥናት ጀመሩ፦ የላም እበት። በዘመናዊ የወተት በረቶች እበቱ ይከማቻል፣ ይሸታል፣ ውሃ ይበክላል። እነሱ ፈሳሹን ከገለባማው ክፍል ለዩና ገለባማውን ከምረው በየጊዜው እያገላበጡ አበሰሉት። ክምሩ በውስጡ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሥራ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ውሎ አድሮም ሽታው ጠፍቶ ጥቁር አፈር ይመስላል። ችግኝ አፍይዎች ከአውሮፓ በውድ በሚመጣው የረግረግ አፈር ፋንታ ይህን መጠቀም እንደሚችሉ አሳዩ።

ከዚያም ሌላ ነገር ታየ። በዚህ ፍግ የበቀሉ ችግኞች ሥር በሚያበሰብሱ ሻጋታዎች እምብዛም አልተጠቁም። ተመራማሪዎቹ ፍጉን በሙቀት ሲያመክኑት መከላከያው ቀነሰ ወይም ጠፋ። ስለዚህ ችግኙን የሚጠብቀው በፍጉ ውስጥ ያለው ሕይወት ነው ማለት ነው። ከወይን መጭመቂያ የሚተርፈውን ልጣጭና ፍሬም እንዲሁ ሞክረውታል። ፕሮፌሰር ሀዳር በኋላም ገለባና የጥጥ አገዳ ላይ እንጉዳይ በማብቀል፣ ከብት በቀላሉ የማይፈጨውን ገለባ ወደ ተሻለ መኖ መለወጥን አጥንተዋል።

በጎንደር ገጠር ያደጉ አባቶችና እናቶች ይህን ሲያነቡ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። እበቱ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ የተረፈው ከአመድ ጋር ጓሮ ይወድቃል፤ የጓሮው ማሳ ከሌላው ይልቅ ያፈራል። እንስራው ሲሰበር ገሉ እሳት መጫሪያ ነው። ቀጥቃጩ ያረጀውን ብረት መልሶ ማረሻ ያደርገዋል። በ1990 እና በ1991 አዲስ አበባ ተቀምጠው ጉዟቸውን የጠበቁ ደግሞ "ቆራሌው!" እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ሰው ያስታውሳሉ፤ የገዛው ቆርቆሮና ጠርሙስ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ሁሉ አዋቂነት ብቻ አልነበረም፤ እጦትም ነበር። ቢሆንም እጁ ያልተረሳ ሰው እዚህም ይጠቅማል።

እዚህ አገር ከቤት ቆሻሻ አብዛኛው፣ ከመቶ 80 ያህሉ፣ አሁንም ይቀበራል። ዳን አውራጃ ቆሻሻውን ከ1952 ጀምሮ ሒሪያ ላይ ሲከምር ኖሮ ተራራ ሆነ፤ አሞሮቹ ለቤን ጉሪዮን አውሮፕላኖች አስጊ ሆኑና በ1998 ተዘጋ። ዛሬ መናፈሻና የመለያ ማዕከል ነው። በአዲስ አበባ ቆሼ ግን ክምሩ በመጋቢት 2017 ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ቆሻሻ ቦታ መያዙ ብቻ አይደለም ችግሩ።

አሁን ወደ ኪስ እንምጣ። በግቢውም ሆነ በቤት ብዙ የሚጣለው የመጠጥ ዕቃ ነው። ፒቃዶን ያለበት ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ 30 አጎሮት ይመለስበታል። ሕጉ በመጀመሪያ ለትንንሾቹ ነበር፤ ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ እስከ 5 ሊትር ያሉትንም ይጨምራል። 100 ጠርሙስ 30 ሸቄል ነው። ወተትና የካርቶን ጭማቂ ግን ፒቃዶን የለባቸውም። ጠርሙሱን አትጨፍልቁት፤ በላዩ ያለው ጽሑፍ ካልተነበበ ማሽኑ አይቀበለውም።

እዚህ ላይ ለጽዳት ሠራተኞች አንድ ጥብቅ ምክር አለን። ተማሪ የጣለውን ጠርሙስ ሰብስቦ መውሰድ ትንሽ ነገር ይመስላል። አንዳንድ ቦታ ግን ጠርሙሱን ተቋሙ ወይም ካብላኑ ራሱ ይሰበስበዋል፤ ያለ ፈቃድ የወሰደ ሠራተኛ "ዕቃ አወጣ" ሊባል ይችላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ኃላፊውን ጠይቁ፤ ከተፈቀደም በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት ይላክላችሁ። ያረጀ ወንበር፣ ኮምፒውተር ወይም ማቀዝቀዣ "ውሰጂው" ብትባሉም እንዲሁ አድርጉ። ከላቦራቶሪ የወጣ ማቀዝቀዣን ግን ቢሰጣችሁም ለምግብ አትጠቀሙበት።

አዲስ ማቀዝቀዣ ወይም የልብስ ማጠቢያ ስትገዙ ሻጩ ተመሳሳይ ዓይነት አሮጌውን ያለ ክፍያ የመውሰድ ግዴታ አለበት። ይህ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ነው። አዲሱን ቤት ድረስ የሚያመጣ ከሆነ አሮጌውንም ከቤት ይወስዳል። "ለማውረጃ ክፈሉ" ቢሏችሁ ሕጉን አስታውሷቸው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ወደሚከብደው እንምጣ። ሦስት የጨረቃ ቅርጽ ተጋጥመው የሚታዩበት ምልክት ካያችሁ በውስጡ በሽታ ሊያስተላልፍ የሚችል ነገር አለ ማለት ነው። የራስ ቅል ወይም የእሳት ምልክት ያለበት ደግሞ ኬሚካል ነው፤ እንዲህ ያለው ቆሻሻ ከቤር ሼቫ በስተ ደቡብ ወዳለው ወደ ነኦት ሖቫቭ ይላካል እንጂ ተራ ፓሕ ውስጥ አይገባም። እነዚህን መክፈት፣ በእጅ መጫን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ የናንተ ሥራ አይደለም። ተራ ከረጢትም ቢሆን ከሰውነታችሁ አርቃችሁ በአንገቱ ያዙት፤ መርፌ በስህተት የሚጣለው እዚያ ነው።

መርፌ ወይም ስባሪ ከወጋችሁ ቦታውን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ አትምጠጡት፤ ኃላፊውን ጥሩና ከየትኛው ክፍል እንደወጣ ጠይቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር የተሻለ ነው። "ትንሽ ናት፣ ምንም አይደለም" ብሎ ወደ ሥራ መመለስ እናቶቻችን የሚያደርጉት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጨዋነት አይረባም።

ከአሠሪው ቶፌስ 250 የተባለውን ወረቀት ተቀበሉና ለኩፓት ሖሊም ስጡ። ያን ጊዜ ሕክምናው እንደ ሥራ አደጋ ይመዘገባል። ሥራ መሥራት ካልቻላችሁ ቢቱዋሕ ሌኡሚ ከደመወዛችሁ 75 በመቶውን እስከ 91 ቀን ይከፍላል፤ ጥያቄው ከአደጋው ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

ብዙዎች "እኔ የካብላን ሠራተኛ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲው አያገባውም" ይላሉ። አያገባውም የሚባለው ትክክል አይደለም። የሥራ ሕጎችን ማስከበሪያ ማጠናከሪያ ሕግ ከወጣበት ከ2011 ወዲህ፣ በጽዳት፣ በጥበቃና በምግብ አገልግሎት ሥራ አዛዡ ተቋም ራሱ ለካብላኑ ሠራተኞች መብት በሕግ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው ቅሬታውን የሚያቀርብበትን መንገድም ማዘጋጀት አለበት። ቱሉሻችሁ ላይ የጡረታና የቁጠባ ፈንድ ክፍያ ከሌለ ለካብላኑ ብቻ ሳይሆን ለተቋሙም ማሳወቅ ትችላላችሁ። ካቭ ላኦቬድ የተባለው ድርጅትና ሂስታድሩትም ምክር ይሰጣሉ።

ደብዳቤውን ልጃችሁ በዕብራይስጥ ቢጽፍላችሁ መልካም ነው፤ ፊርማው ግን የናንተ ይሁን። ከማስገባታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን በቅጂው ላይ ይጻፍላችሁ።