ንጉሥ የሚታሰርበት፣ ንጉሥ የሚወጣበት አምባ

ከወልዲያ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ መርሳ ላይ ማንጎውን ሸምቶ፣ ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ሲቃረብ በስተቀኝ የተደረደሩትን ተራሮች ልብ ይበል። ከእነሱ ጀርባ፣ ከሀብሩ ጋር በሚጎራበተው በአምባሰል ምድር፣ ግሸን አለች። አናቷ የመስቀል ቅርጽ ያለው፣ ግማደ መስቀሉ ያረፈባት የምትባለው፣ መስከረም 21 ምእመናን ከየአቅጣጫው የሚተሙባት ግሸን ማርያም። ለመሳለም የሚወጣው ሕዝብ እልፍ ነው፤ አምባው የነገሥታት ልጆች እስር ቤት እንደነበረ የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙፋን አንድ፣ የንጉሥ ልጅ ብዙ። በአጼ ይኩኖ አምላክ የልጅ ልጆች ዘመን የሥልጣን ሽኩቻ ሲበረታ መላ ተዘየደ ይባላል፦ አንዱ ሲነግሥ ሌሎቹ ወደ አምባው ይወጣሉ። ግንብ አላስፈለገም፤ ገደሉ ራሱ ግንብ ነው፤ መውጫውን ዘብ ይጠብቀዋል። መሳፍንቱ እዚያው ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸውም እስረኛ ሆነው ያድጋሉ።

ግሸን ግን መቀበሪያ ብቻ አልነበረችም፤ ጎተራም ነበረች። ንጉሥ ሞቶ ወራሽ ሲፈለግ መልእክተኞች አምባውን ይወጡና እስረኛውን ንጉሥ አድርገው ያወርዱታል። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ1434፣ አጼ ናዖድ ደግሞ በ1494 እ.ኤ.አ. ዙፋን ላይ የወጡት ከዚሁ አምባ ወርደው ነው።

ተራ ሳይደርሰው ለመውረድ የሞከረስ? በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሰማውን ጽፏል። አንድ ልዑል ቅጠላ ቅጠል ተከናንቦ፣ ቁጥቋጦ መስሎ ቁልቁል ይወርዳል። በአካባቢው የሚያርሱ ገበሬዎች ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ አይተው ቢጠጉ ከውስጡ ሰው አገኙ። ጠባቂዎቹም ዓይኑን አጠፉት። ሰውየው የአጼ ልብነ ድንግል አጎት ነበር ይላል አልቫሬዝ።

ጭካኔው የእኛ ብቻ አይደለም። የኦቶማን ሱልጣኖች ሲነግሡ ወንድሞቻቸውን ያስገድሉ ነበር፤ ኋላ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መግደሉን ትተው በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት «ካፌስ» ማለትም ቀፎ በሚሉት ክፍል ይዘጉባቸው ጀመር። ግሸን ከካፌስ በብዙ ትቀድማለች።

የግሸን እስር ቤት ያበቃው በ1540 ነው። ቀደም ሲል ሞክሮ ያልሆነለት የግራኝ አህመድ ጦር አምባውን ያዘ፤ መሳፍንቱና ጠባቂዎቹ አለቁ፤ የነገሥታቱ ሀብት ተዘረፈ። ወሬዋ ግን ባሕር ተሻግሮ ነበር። በ1759 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን፣ እናቱን ለመቅበር ገንዘብ ቸግሮት፣ «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ በጥድፊያ ጻፈ፦ በአማራ ምድር ተድላ በሞላበት ሸለቆ የተዘጋበት ልዑል፣ ምቾቱ ሰልችቶት ሲያመልጥ። በገደል የታጠረው አምባ በለንደን ገነት ሆነ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሥርዓቱ በጎንደር ዘመን ወደ ሌላ አምባ ተዛወረ፤ በለሳ ወደሚገኘው ወህኒ። የአምባው ስም እስከ ዛሬ የእስር ቤት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ዛሬ የተፈረደበት ሰው «ወህኒ ወረደ» ይባላል። ያኔ ግን ወደ ወህኒ የሚኬደው ሽቅብ ነበር፤ የሚወጣውም የንጉሥ ልጅ።