ምዕራፍ 4፦ ሃያ አንድ ሽምብራ

«ቀሪ ማለት ከተካፈለ በኋላ የሚቀረው ቁጥር ነው።» እንዲህ ያለ ትርጉም ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የሚቀረው ቀሪ ነው ማለት ማስረዳት ሆኖ ነው?

እስቲ 21 የተቆላ ሽምብራ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ሁለት ልጆች በየተራ 1፣ 2 ወይም 3 ያነሳሉ፤ የመጨረሻዋን ያነሳ አሸነፈ። መጀመሪያ ዝም ብለው ያፍሳሉ። ጥቂት ዙር እንደተጫወቱ ግን አንዱ በተራው 4 ሽምብራ ሲጠብቀው እጁን ይሰበስባል። አንድ ቢያነሳ ባላጋራው ሦስቱን ሊጠርግ፣ ሦስት ቢያነሳ አንዷን ሊወስድ ነው። ቆይቶ 8ም ያው ወጥመድ መሆኑ ይገለጥለታል። ከዚያ 12፣ 16፣ 20። ስለዚህ ጀማሪው አንድ አንስቶ 20 ያስረክብና ባላጋራው ያነሳውን ሁሉ አራት እየሞላ ይነዳዋል። ያቺ የመጀመሪያዋ አንድ ሽምብራ ቀሪ ናት።

የዚህን ጨዋታ ታላቅ ወንድም፣ ኒምን፣ ቻርለስ ቡተን በ1901 እ.ኤ.አ. አብጠርጥሮ ፈትቶታል። ፈረንሳዊው ጊ ብሩሶ ደግሞ ክፍል ውስጥ ያስገባው «እስከ 20 ሩጫ»ን ነው፤ 1 ወይም 2 እየደመሩ 20ን ቀድሞ የጠራ ያሸንፋል። በየትኞቹ ቁጥሮች ላይ መቆም እንደሚያዋጣ አልነግራችሁም።

ነገሩ እንደ ወጥ ነው። ጨዋታው ሽንኩርት፣ ቀመሩ በርበሬ። ሽንኩርቱ ሳይቁላላ በርበሬ የሚሞጅር መምህር ያሳርረዋል። የልጆቹ ክርክር እሳቱ ነው፣ ማረጋገጫው ቅቤው፣ ፈተናው እንግዳው፣ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ... ክዳኑ ይሁን።

ማባዣ ቶሎ ለጠራ ከረሜላ ማደልን «ጨዋታ» ከሚሉ ሰዎች ጋር ግን አልስማማም። እሱ ከረሜላ የተለወሰ ፈተና ነው። የተሸነፈው ልጅ ለምን እንደተሸነፈ የሚያስብበት ነገር የለውም፤ ከረሜላው እንዳለፈው ብቻ ያውቃል።

አንድ ጊዜ አምስተኛ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ዝምተኛ ልጅ ጋር ተቀመጥኩ። «ቲቸር፣ እርስዎ ይጀምሩ» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ አንድ አነሳሁ። ሦስት አነሳች። ሁለት አነሳሁ፤ ሁለት አነሳች። የቀረውን በዓይኔ ስቆጥር 12። ላብ ላብ አለኝ።

«21 አልነበረም እንዴ?»

«አንዷን በልቻታለሁ።»

«መቼ?»

«ይጀምሩ ከማለቴ በፊት።»