በሙዚቃ ምት የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ለወጣቶች የሚሰጠው ጥቅም

ሰው ከበሮ ሲመታ በሰማ ጊዜ ሳያስበው እግሩ ወይም ትከሻው ይነቃነቃል። ነገሩ ለሁላችንም የተለመደ ስለ ሆነ ምክንያቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ የተፈጥሮ ዝንባሌ ከ13 እስከ 19 ዓመት ላሉ ወጣቶች አካልና አእምሮ ምን እንደሚጠቅም፥ ጥቅሙም በምን ሁኔታ እንደሚገኝ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ችግሩን እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፥ ልቡና ትንፋሹ እስኪፈጥን ድረስ፥ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። ነገር ግን በ2019 የታተመ የ146 አገሮች ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ከነበሩት ተማሪዎች ከመቶ 81ዱ ከዚህ ልክ አልደረሱም፤ ከሴቶቹም ከመቶ 85ቱ ጎድለው ተገኝተዋል። ይህ ዕድሜ አጥንት የሚጠነክርበት ዘመን ስለ ሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ሙዚቃንና እንቅስቃሴን በሥርዓት ካገናኙት መምህራን አንዱ ስዊሳዊው ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ ነው። ከ1892 ጀምሮ በጄኔቭ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፥ ተማሪዎቹ ጣታቸው የሠለጠነ ሆኖ ሳለ ምትን መጠበቅ እንደሚሳናቸው አስተዋለ። ስለዚህ በሙዚቃው እየተመሩ እንዲራመዱ፥ እንዲያጨበጭቡና ድንገት እንዲቆሙ አደረገ። በ1915ም በዚያው ከተማ በስሙ የሚጠራውን ትምህርት ቤት አቋቋመ።

የአንጎል ተመራማሪዎች በኋላ ያገኙት ነገር ይህን ዘዴ የሚደግፍ ነው። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ምት ሲሰማ እንኳ እንቅስቃሴን የሚያዘጋጁት የአንጎል ክፍሎች ይሠራሉ። እንግዲህ ምቱ ለአካል እንደ መሪ ሆኖ እርምጃን ያስተካክላል። ከዚህም በላይ ሥራው መጠነኛ በሆነ ጊዜ ሙዚቃ የድካምን ስሜት ያቀላል፤ ሥራው እጅግ ሲከብድ ግን ይህ እርዳታ ይቀንሳል። መዝለሉና እግርን ማንሣቱ ደግሞ ልብንና ሳንባን ያሠለጥናል፥ አጥንትንም ያጠነክራል።

ስለ አእምሮ ጥቅሙ አንድ ጥሩ ምስክር ከስዊድን እናገኛለን። በ2013 በታተመው ጥናት ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ 112 ልጃገረዶች ተካፍለዋል፤ እነዚህም በራስ ምታት፥ በጭንቀትና በመሳሰለው ምክንያት ወደ ትምህርት ቤት ጤና ክፍል የሚመላለሱ ነበሩ። ከፊሎቹ ለ8 ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ፥ በእያንዳንዱ ጊዜ 75 ደቂቃ ጨፈሩ። ጤናቸውን ራሳቸው ሲመዝኑት ካልጨፈሩት ይልቅ ተሻሽሎ ተገኘ፤ መሻሻሉም ጭፈራው ካበቃ በኋላ ለወራት ቆየ። ልብ ልንለው የሚገባው ዓላማው ደስታ እንጂ ውድድር ወይም ትርኢት አለመሆኑን ነው።

በ2015 የታተመ ሌላ ጥናትም 264 የብራዚል ተማሪዎችን መርምሮ፥ እኩል በአንድ ምት የጨፈሩት ሕመምን የመቻል ኀይላቸውና እርስ በርስ የመቀራረብ ስሜታቸው እንደ ጨመረ አሳይቷል። ብቸኝነት ለሚያስጨንቀው ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የምት እንቅስቃሴ የሚጠቅመው ወጣቱ ሳይሸማቀቅ ሲካፈልበት መሆኑን ነው። ሩጫና ኳስ ብርቱውን ከደካማው ይለያሉ፤ የተሸነፈውም ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይወጣል። በምት ግን ሁሉም በአንድነት ይጀምራል፥ በአንድነትም ያርፋል። ብዙ ወጪም አይጠይቅም፤ ለእስክስታ ከበሮ፥ ጭብጨባና ሜዳ ይበቃሉ። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በሳምንት አንዱን ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢያውለው፥ ነጥብ ባይሰጥበትና ዓይን አፋሩን ፊት አውጥቶ ባያቆመው፥ ከዳር ቆመው የሚመለከቱትን ልጆች ወደ መካከል ለመመለስ ይችላል።