የአድራሻው መስመር

ዲላ ተቀምጬ የምሠራው የቡና ማሳዎችን መረጃ ከስልክ ተቀብሎ ወደ ገዢው ሰርቨር የሚያደርስ ማገናኛ ሶፍትዌር ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና ገበያው እንዳይገባ ተደንግጓል፤ ስለዚህ ቡናው የበቀለበት ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ይጠየቃል። ጌዴኦ ውስጥ ማሳው ትንንሽ፣ ቡናው ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ጋር ተቃቅፎ የሚበቅል ነው። ነጥቡን የሚወስዱት ልጆች ተዳፋቱን በእግር ይወጡታል።

አንድ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ማሳዎችን ላክን። የመጣው መልስ 200፣ ማለትም «ደርሷል» ነበር። በሳምንቱ ገዢው ምንም እንዳልደረሰው ነገረን። ፍሎውን፣ ማለትም ማገናኛው መረጃውን ተቀብሎ የሚልክበትን ቅደም ተከተል፣ ከላይ እስከ ታች ባገላብጠው ስህተት የለበትም። በመጨረሻ የአገልግሎቱን መግለጫ ፋይል፣ ደብሊው ኤስ ዲ ኤሉን ከፈትኩት። ግርጌው ላይ የአድራሻ መስመር አለ። ፋይሉ የተላከልን በሙከራው ጊዜ ስለነበር አድራሻውም የሙከራው ሰርቨር ነው፤ እኔ ሌላ ካልሰጠሁት ፍሎው የሚሄደው ወደዚያው ነው። የሙከራ ሰርቨር ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል።

ነጥቦቹን ከሰበሰቡት አንዱ፣ «ጋሼ፣ እንደገና ልንወጣ ነው?» አለኝ። ቅጂው ስልኩ ላይ ስለነበር አልወጡም። ጥያቄው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ አድራሻውን ለመግለጫው ፋይል አልተውም፣ ፍሎው ውስጥም አላስቀምጥም። ለሙከራና ለዋናው ሥራ የተለያየ የኮንፊግ ፋይል አለ፤ ፍሎው ሲነሳ ወዴት እንደሚልክ ሎግ ላይ ይጽፋል፣ እኔም ሳላነበው አላልፍም። መብራት ወይም ኔትወርክ መሃል ላይ ቢቋረጥ የላክነው ደርሶም ሊሆን ስለሚችል፣ ሲደገም ሁለት እንዳይሆን እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ከሁሉ በላይ 200ን እንደ ደረሰኝ አልቆጥረውም። በመለያው ቁጥር መልሼ ጠይቄ መዝገቡን ዓይኔ ሲያየው ነው «ተልኳል» የምለው።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ ያስመለስኩትን መዝገብ ካርታ ላይ አወጣሁት። ዲላ 6.41 ሰሜን፣ 38.31 ምሥራቅ ላይ ናት። ጂኦጄሰን የሚባለው አጻጻፍ ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ እኛ ኬክሮስን አስቀድመናል። የገበሬው ማሳ ከአልጄሪያ በስተሰሜን፣ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እሱንም ሰርቨሩ በ200 ነበር የተቀበለው።